ከፎቶው ጀርባ የተጻፈው

ኢንተርን በነበርኩበት ዓመት ነው። ሕፃናት ክፍል ዱቲ ላይ ነኝ፤ ሌሊቱ ተጋምሷል። ተቅማጥና ትውከት ያደረቃት የሰባት ወር ሕፃን ይዘው መጡ። ደም ሥር ማግኘት አቃተኝ። እጇን ሞከርኩ፤ እግሯን ሞከርኩ፤ እናትየዋ አጠገቤ ቆማ እያማተበች ታየኛለች። ሲኒየሩን እንዳልጠራ አፈርኩ። እንዳልተው ልጅቷ እየደከመች ነው። ከኋላዬ ሆነው ሲያዩኝ የቆዩ አንዲት አንጋፋ ነርስ ጠጋ አሉና «ዶክተርዬ፣ እጇን ተይው። ራሷ ላይ እንይ» አሉኝ። ከጆሮዋ ከፍ ብሎ ያለውን ፀጉር በጥንቃቄ ላጩ፤ ቀጭን ጎማ በግንባሯ ዙሪያ አሠሩ፤ ብቅ ያለችውን ደም ሥር በጣታቸው እየዳበሱ አሳዩኝ። መርፌው በአንድ ጊዜ ገባ። አመሰግናለሁ ስላቸው «ምስጋናው ይቅር፤ ለሚመጣው ደግሞ አንቺ አሳዪው» ብለው ወደ ሥራቸው ሄዱ።

የዚህ መጽሔት አዘጋጆች ለሃያኛ ዓመታችን መገናኛ «ከሙያሽ ውጪ ስለምትወጂው ነገር ጻፊ» ሲሉኝ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ይህ ሌሊት መሆኑ ራሴንም ገረመኝ። ከሙያዬ ውጪ የምወደው ፎቶ ማንሳት ነው። ስለ ራሴ ፎቶዎች ብጽፍ ግማሽ ገጽም አይሞላልኝ። ፎቶ ማንሳት ከጀመርኩ ወዲህ ግን የፎቶግራፍን ታሪክ ማንበብ ለምዶብኛል፤ ባነበብኩ ቁጥር ያቺን ሌሊት የሚመስል ነገር አገኛለሁ። አንዱ ይቸገራል፤ ሌላው ጠጋ ብሎ ያሳየዋል፤ ያየው ደግሞ ለሚመጣው ያሳያል። ከሚያሳዩት መካከል ሐኪም አይጠፋም። እናንተም እንደ እኔ ትገረሙ እንደሆን ብዬ ይህን ጻፍኩ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የተደበቀው ፎቶ

ከሩቁ ታሪክ በፊት ከራሴ ልጀምር። ካሜራ በገዛሁበት ዓመት ለጥምቀት ጃን ሜዳ ሄድኩ። ከጠዋት እስከ ቀትር ሳነሳ ዋልኩ። ቤት ገብቼ ሳየው የሰዉ ሁሉ ፊት ጠቁሯል፤ ነጠላው ብቻ ይታያል እንጂ ዓይን የለ፣ ፈገግታ የለ። በጣም አፈርኩና ለማንም ሳላሳይ ሦስት ወር ደበቅሁት። በኋላ ከእኛው ተመራቂዎችና መምህራን ጥቂቶቻችን ቅዳሜ ቅዳሜ ካሜራ ይዘን መውጣት ስንጀምር፣ ጡረታ ለወጡ አንድ መምህራችን እንደምንም ብዬ አሳየኋቸው። ፕሮፍ አንድ በአንድ አዩትና «ልጄ፣ ካሜራሽ እኮ ነጠላውን አይቶ ነው የደነገጠው» አሉኝ። ካሜራ ነጭ ነገር ሲበዛበት ብርሃን የበዛ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ሁሉን ያጠቁረዋል። «አንቺ የፈለግሽው ፊቱን ነው። ብርሃኑን አንድ ደረጃ ጨምሪለት። ከተቻለሽ ደግሞ ሰዎቹን ከጠራራው አውጥተሽ ከዛፍ ጥላ ሥር አስጠጊያቸው» አሉኝ። ቀጥለው የራሳቸውን የተበላሹ ፎቶዎች አሳዩኝ፤ ያውም ከእኔ የባሱ!

ሦስት ወር የደበቅሁት ችግር በሁለት ደቂቃ ተፈታ። ያኔ የጠየቅሁት ጥያቄ እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ፦ ለመሆኑ ሰው የሚያውቀውን የሚነግረው ለምንድን ነው? የማይነግረውስ?

በአገራችን የባህል መድኃኒት አዋቂ ምስጢሩን ለሚመርጠው ለአንድ ልጁ ብቻ ይነግራል። ቅጠሉ ከተነገረ ይረክሳል፣ ኃይሉን ያጣል ይባላል። እንጀራውም እሱ ስለሆነ አይፈረድበትም። ነገር ግን ሳይናገር ሲሞት ቅጠሉ በየጓሮው እየበቀለ እውቀቱ አብሮት ይቀበራል። ፎቶግራፍም ሲወለድ በዚህ መንታ መንገድ ላይ ቆሞ ነበር።

ምስጢርና ፓተንት

በ1839 ፈረንሳዊው ዳጌር በብር በተለበጠ የመዳብ ሰሌዳ ላይ ምስል የሚያስቀርበትን ዘዴ የፈረንሳይ መንግሥት ጡረታ ቆርጦለት ለዓለም ይፋ አደረገው። በእንግሊዝ አገር ግን ዘዴው ይፋ ከመሆኑ ከቀናት በፊት በስሙ ፓተንት ወጥቶበት ነበር። በዚያው ዓመት እንግሊዛዊው ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት በወረቀት ላይ የሚሠራ የራሱን ዘዴ ይዞ ብቅ አለ። ታልቦት አንድ ከባድ ችግር ነበረበት፤ ምስሉ ብርሃን ላይ ሲቆይ እየጠቆረ ይጠፋል። መፍትሔውን የነገረው ወዳጁ የሥነ ፈለክ ሊቁ ጆን ኸርሸል ነው። ኸርሸል «ሃይፖ» የምንለው ጨው የብርን ጨው እንደሚያሟሟ ያወቀው ከሃያ ዓመት በፊት፣ በ1819 ነበር። ለታልቦትም ነገረው፤ በጽሑፍም ለሁሉም አሳወቀው፤ ምንም ዋጋ አልጠየቀበትም። ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ በየጨለማ ክፍሉ ፎቶ ያጠበ አብዛኛው ሰው በዚህ ምክር ነው ያጠበው።

ታልቦት በ1841 ለተሻሻለው ዘዴው ለ«ካሎታይፕ» ፓተንት አወጣበት። ብዙ ለፍቶበታልና ምክንያት የለውም አልልም። ውጤቱ ግን በሐኪም ዓይን ሲታይ አስተማሪ ነው። ፓተንቱ ስኮትላንድን አይጨምርም ነበር። በዚያ፣ በሴንት አንድሩስ ከተማ፣ ዶክተር ጆን አዳምሰን የሚባል ሐኪም ዘዴውን ሞክሮ፣ ደጋግሞ ተሳስቶ ተማረና ለታናሽ ወንድሙ ለሮበርት አስተማረው። ሮበርት ከሠዓሊው ከዴቪድ ኦክታቪየስ ሂል ጋር ሆኖ ከ1843 ጀምሮ በኤደንብራ ያነሳቸው ፎቶዎች ዛሬም በዓለም ሙዚየሞች የክብር ቦታ አላቸው። በዚያችው ከተማ፣ አብዛኞቹ ጠበቆች የሆኑ ጓደኛሞች በየቤታቸው እየተገናኙ ፎቶዎቻቸውን ይለዋወጡ፣ እንዴት እንደሠሩት ይነጋገሩ ነበር። የኤደንብራ ካሎታይፕ ክበብ ይባላል፤ በዓለም የመጀመሪያው የፎቶግራፍ ክበብ እንደሆነ ይነገርለታል። አንዳቸውም በፎቶ እንጀራ የሚበሉ አልነበሩም። አማተር ማለት እንዲህ ያለ ሰው ነው፤ ነገሩን ስለወደደው ብቻ የሚሠራ።

ስለ ምስጢር ካነሳን የእኛንም ሙያ አንርሳ። በጥቅምት 1846 የጥርስ ሐኪሙ ዊልያም ሞርተን በቦስተን በኤተር ሰውን አደንዝዞ ቀዶ ሕክምና ሲያስደርግ፣ ኤተርነቱ እንዳይታወቅ ቀለምና ሽታ ጨምሮበት ነበር። «ሌቴዎን» ብሎ ሰይሞ ፓተንትም አወጣበት። ምስጢሩ ግን ብዙ አልቆየም፤ ቀሪ ዕድሜውንም በክርክር አሳለፈ። ይህን ኤተር ልብ በሉት፤ ወደ ታች ተመልሶ ይመጣል።

ዶክተር ዳይመንድና ወዳጁ

ሂው ዌልች ዳይመንድ ከ1848 ጀምሮ ለአሥር ዓመት በሰሪ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል የሴቶች ክፍል ኃላፊ የነበረ ሐኪም ነው። ፎቶግራፍ ገና እንደተወለደ ነው የያዘው። ቤቱ ለአማተሮች ክፍት ነበር። የሚያውቀውን ለመጣ ሁሉ ያሳያል። ከሚመጡት አንዱ ፍሬደሪክ ስኮት አርቸር የሚባል ቀራጺ ነው። አርቸር የሚቀርጻቸውን ሰዎች መልክ ለመያዝ ፎቶ መማር ፈልጎ፣ በ1847 ገደማ ካሎታይፕን የተማረው ከዶክተር ዳይመንድ ነው።

አርቸር በወረቀቱ አልረካም፤ የወረቀቱ ጭረት ምስሉ ላይ ይወጣል። መስታወት ላይ ለመሥራት የብሩን ጨው የሚይዝለት ነገር ፈለገ። ያገኘው ኮሎዲዮንን ነው። እኛ ሐኪሞች ኮሎዲዮንን እናውቀዋለን፤ ኪንታሮት የሚቀባው የሳሊሲሊክ አሲድ መድኃኒት ውስጥ አለ። በአሲድ የተዘፈቀ ጥጥ በኤተርና በአልኮል ሲሟሟ የሚገኝ፣ ሲደርቅ እንደ ስስ ቆዳ የሚሆን ፈሳሽ ነው። በ1840ዎቹ መጨረሻ በቦስተን አንድ የሕክምና ተማሪ ቁስል ይሸፍንበት ጀመር። አርቸር የቁስል መሸፈኛውን መስታወት ላይ አፈሰሰው፤ ብር ናይትሬት ውስጥ ነከረው፤ ሳይደርቅ ካሜራ ውስጥ ከቶ አነሳበት፤ ሳይደርቅ አጠበው። ቀድሞ ደቂቃዎች ይፈጅ የነበረው ማንሳት ወደ ሴኮንዶች ወረደ። ምስሉም እንደ ውኃ የጠራ ሆነ።

ይህን ዘዴ ፓተንት ቢያወጣበት ሀብታም በሆነ ነበር። እሱ ግን በመጋቢት 1851 «ዘ ኬሚስት» በሚባል መጽሔት ላይ መጠኑንና አሠራሩን ዘርዝሮ አወጣው። ውሰዱ አለ። ወሰዱትም። በጥቂት ዓመት ውስጥ ከለንደን እስከ ካልካታ ያለ ፎቶ አንሺ ሁሉ በአርቸር ዘዴ ይሠራ ጀመር። ታልቦት ይህም የእኔ ፓተንት ውስጥ ይገባል ብሎ ፍርድ ቤት ቢከራከርም በ1854 መጨረሻ ዳኞቹ አይገባም አሉ። አርቸር ግን በ1857 ገና በአርባዎቹ ዕድሜው ሳለ ድሃ ሆኖ ሞተ። ፎቶ አንሺዎች ለቤተሰቡ መዋጮ ሰበሰቡ፤ ልክ እንደ ዕድር ማለት ነው። ብዙም ሳይቆይ ሚስቱም ሞተች። መንግሥት ለሦስቱ ወላጅ አልባ ልጆች በዓመት 50 ፓውንድ ቆረጠላቸው። ብዙዎች በአባታቸው ዘዴ ሲከብሩ አባትየው ምንም አላገኘም ነበርና።

ይህን ሳነብ ሁልጊዜ ቅር ይለኛል። እውቀትን በነፃ መስጠት ጥሩ ነው ብሎ መስበክ ቀላል ነው፤ ሒሳቡን የከፈሉት ግን የአርቸር ልጆች ናቸው። ስለዚህ የሰጠን ሰው ስም መጥራት፣ ሲቸገርም መድረስ የእኛ ዕዳ ነው እላለሁ።

ዶክተር ዳይመንድስ? እሱ ማስተማሩን ቀጠለ። «ኖትስ ኤንድ ኩዌሪስ» የሚባል የጥንታዊ ነገሮች መጽሔት ነበር፤ አንባቢ ጥያቄ ይጽፋል፣ ሌላው አንባቢ ይመልሳል። ከ1852 ጀምሮ የፎቶግራፍ ጥያቄዎች በብዛት ይመጡበት ጀመር፤ ዳይመንድም ለጀማሪ በሚገባ ቋንቋ ይጽፍበት ነበር። በ1853 የለንደን ፎቶግራፍ ማኅበር ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ ሆነ፤ ኋላም ጸሐፊውና የመጽሔቱ አዘጋጅ ሆኖ አገለገለ።

ከሁሉ በላይ የምወደው ግን የ1855ቱን አልበም ነው። ዳይመንድ የነበረበት አንድ የፎቶግራፍ ክበብ አባላት እያንዳንዳቸው ፎቶ አምጥተው፣ አባዝተው፣ አልበም አድርገው ለየራሳቸው ተከፋፈሉ። ከእያንዳንዱ ፎቶ ጋር አሠራሩ ተጽፏል፦ ምን ዓይነት ወረቀት ወይም መስታወት፣ የትኛው ሌንስ፣ ምን ያህል ጊዜ፣ በምን እንደታጠበ። ሥዕሉን ብቻ ሰጥቶ «አድንቁኝ» ማለት ይቻል ነበር። እነሱ ግን መንገዱንም ጨምረው ሰጡ።

ሳይተያዩ የተዋወቁ

አሁን ወደ አሜሪካ እንሻገር። ኦሊቨር ዌንደል ሆልምስን በማኅፀን ሐኪሞች ዘንድ የማያውቀው የለም። በ1843 የወላዶችን ትኩሳት ከአንዷ ወላድ ወደ ሌላዋ የሚያደርሰው የሐኪሙ የራሱ እጅ ነው ብሎ የጻፈው እሱ ነው። ታላላቆቹ ሐኪሞች ተቆጡት፤ እሱ ግን ጽሑፉን በ1855 ደግሞ አሳተመው። ለሞርተን ደብዳቤ ጽፎ «አኔስቴዢያ» የሚለውን ቃል ያቀረበለትም እሱ ነው። በሃርቫርድ የአናቶሚ መምህርም ነበር።

ይኸው ሰው የፎቶ ፍቅር ይዞት ነበር። ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ፎቶዎችን አንድ አድርጎ ጥልቀት እንዲኖራቸው የሚያሳይ ቀላልና ርካሽ የእጅ መመልከቻ በ1861 ገደማ ሠራ፤ ፓተንት አላወጣበትም። በየሰው ሳሎን የገባው መመልከቻ የእሱ ንድፍ ነው። በ1863 «አትላንቲክ» በሚባለው መጽሔት ላይ በጻፈው ረጅም ጽሑፍ ደግሞ ወደ ቦስተን ፎቶ ቤት ሄዶ እንደ ተማሪ ቆሞ፣ መስታወት ማፍሰሱን፣ መንከሩን፣ ማጠቡን አንድ በአንድ እንዴት እንደተማረ ይተርካል። የሃምሳ ዓመት ፕሮፌሰር «አላውቅም፣ አሳዩኝ» ማለቱ እኮ ቀላል ነገር አይደለም።

በ1861 በኒውዮርክ የአማተሮች የፎቶ መለዋወጫ ክበብ ተቋቁሞ ነበር። አባላቱ በየከተማው ተበታትነው የሚኖሩ ሲሆኑ በተወሰነ ጊዜ እያንዳንዱ ለእያንዳንዱ ፎቶ በፖስታ ይልካል። የእርስ በርስ ጦርነቱ በጥቂት ዓመት ውስጥ በተናቸው። ሆልምስ ግን በዚያ በ1863ቱ ጽሑፉ እንዲህ ስላለ ወዳጅነት በፍቅር ይጽፋል፤ መልክ ለመልክ ሳይተያዩ፣ አንዱ የሌላውን ቤት፣ ዛፍና ወንዝ በፎቶ እያየ ስለሚለመድ ሰው። ከባቻችን ግማሹ ውጭ አገር ነው። አንዱ ከሚኒሶታ በረዶውን፣ ሌላዋ ከጅማ ቡናውን ስትልክልኝ የሆልምስ ነገር ትዝ ይለኛል።

ማበረታታትና ገደቡ

ምክር ብቻውን አይበቃም፤ ልብ የሚያስይዝ ሰውም ያስፈልጋል። ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን በ1863 የገና ሰሞን ካሜራ ከልጇና ከአማቿ በስጦታ ስታገኝ 48 ዓመቷ ነበር። የድንጋይ ከሰል ማስቀመጫውን ጨለማ ክፍል፣ የዶሮ ቤቱን ስቱዲዮ አደረገችው። የምትሠራው በአርቸር የኮሎዲዮን ዘዴ ነው። የፎቶግራፍ መጽሔቶች ግን አላዘኑላትም፤ ፎቶሽ ይደበዝዛል፣ መስታወትሽ ጣት አለበት፣ ተጭሯል እያሉ ይጽፉ ነበር። ያሉት ሐሰት አልነበረም።

ልብ ያስያዛት ያ ሃይፖን ለታልቦት የነገረው ጆን ኸርሸል ነው። በ1836 በደቡብ አፍሪካ ኬፕ ተዋውቀው ነበር፤ ፎቶግራፍ ሲወለድም ካልካታ ድረስ በደብዳቤ የነገራት እሱ ነው። ፎቶዎቿን ስትልክለት ኸርሸል ስህተቱን የማያይ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ከሁሉ በፊት ግን ሕይወት ያለበትን ነገር አይቶ ያንን ነገራት። በዚያውም ፖታሲየም ሳያናይድ መርዝ ነውና በእጅሽ አትንኪው፣ ተጠንቀቂ ብሎ አጥብቆ አስጠነቀቃት። ጥሩ ሲኒየር እንዲህ ነው፤ ያበረታታል፣ የሚገድለውን ስህተት ግን በዝምታ አያልፍም።

ይህቺ ሴት ወደ እኛ ታሪክ የምትገባው በ1868 ክረምት ነው። አጼ ቴዎድሮስ በመቅደላ ከሞቱ ከሦስት ወር በኋላ፣ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በመንገድ ላይ የሞቱበትን የሰባት ዓመቱን ልዑል ዓለማየሁን በዋይት ደሴት ፎቶ ያነሳችው ካሜሮን ናት። እኛ «ባሻ ፈለቀ» የምንለው ካፒቴን ስፒዲም አብሮ ተነስቷል። ያንን የልጅ ፊት ያላየ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። ብርሃኑ ከጎን፣ በልኩ ነው የመጣው። ሙያው እንከን የለውም። ዓይኖቹን ስታዩ ግን ሙያው ይረሳል። ልጁ «አልነሳም» ለማለት የሚችልበት ሁኔታ ላይ አልነበረም። በ1879 ኅዳር፣ በ18 ዓመቱ፣ በሊድስ ከተማ በሳንባ ሕመም ሞተ፤ አፅሙ እስከ ዛሬ ዊንዘር ነው።

ዶክተር ዳይመንድንም እዚህ ላይ መልሼ አነሳዋለሁ። በሆስፒታሉ ያሉትን ሴት ሕሙማን ፎቶ ያነሳ ነበር። በ1856 ለሮያል ሶሳይቲ ባቀረበው ጽሑፍ ፎቶው ለሕመሙ መዝገብ፣ ለሕክምናው፣ ሕመምተኛዋ ዳግም ስትመጣም ለመለየት እንደሚጠቅም አስረድቷል። አሳቡ ለዘመኑ ትልቅ ነበር። ነገር ግን ከእነዚያ ፎቶዎች ተቀርጸው የተሠሩ ሥዕሎች በ1858 በሕክምና መጽሔት ወጡ። እነዚያ ሴቶች ፈቅደው ነበር? እንደ ዓለማየሁ እነሱም እንቢ የማለት አቅም አልነበራቸውም።

በሌላው ለመፍረድ አይደለም። ሬዚደንት ሳለሁ ከመስኮት በሚገባ የጠዋት ብርሃን አልጋው ላይ የተቀመጠ ልጅ አየሁና በስልኬ አነሳሁት። ብርሃኑ እንዲያደንቁልኝ ለጓደኞቼ ላክሁት፤ አደነቁልኝም። በማግሥቱ ራውንድ ላይ እናትየዋ ቀስ ብላ «ዶክተር፣ ያንን ፎቶ ለማን አሳየሽብኝ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ፎቶውን አጠፋሁት፤ ጥያቄዋን ግን ማጥፋት አልቻልኩም። ያን ጊዜ የገባኝ ይህ ነው፦ ያለ ስስት የምናካፍለው የራሳችንን እውቀትና የራሳችንን ስህተት ነው። የሕመምተኛው ፊት የእኛ አይደለም።

ሐኪሙ ማዶክስ

የመጨረሻው ሐኪም ሪቻርድ ሊች ማዶክስ ነው። በማይክሮስኮፕ የሚታዩ ነገሮችን ፎቶ ማንሳት የሚወድ እንግሊዛዊ ሐኪም ነበር። ጤናው ደካማ ነው፤ የኮሎዲዮኑ ኤተር ትነት ደግሞ ባሰበት። ያ ኤተር ተመለሰ አይደል! ታዲያ ሽታ የሌለው ነገር ፍለጋ ጀላቲን ሞከረ። በመስከረም 8 ቀን 1871 «ብሪቲሽ ጆርናል ኦቭ ፎቶግራፊ» ላይ የሙከራውን ውጤት አወጣ። ዘዴው ገና አልበሰለም፤ ቀርፋፋ ነው። ማዶክስም አልደበቀውም፤ እስኪበስል አልጠበቀም፤ ፓተንትም አላወጣበትም። ሌሎች እንዲቀጥሉበት ተወው።

ቀጠሉበትም። በ1878 ቻርልስ ቤኔት የሚባል አማተር ጀላቲኑን ለቀናት ሞቅ አድርጎ ቢያቆዩት ለብርሃን ያለው ስሜት እጅግ እንደሚጨምር አገኘ፤ እሱም በጽሑፍ አወጣው። ከዚያ በኋላ መስታወቱ ደርቆ፣ ታሽጎ፣ ከሱቅ የሚገዛ ሆነ። ድንኳንና የመድኃኒት ሣጥን ተሸክሞ መዞር ቀረ። በአሜሪካ ሮቼስተር ጆርጅ ኢስትማን የሚባል የባንክ ጸሐፊ የእንግሊዞቹን ጽሑፍ አንብቦ ማታ ማታ በእናቱ ወጥ ቤት ይሞክር ነበር፤ በ1888 የኮዳክ ካሜራን ያወጣው እሱ ነው።

አሁን ደግሞ ለእኛ ወደሚቀርበው ልምጣ። በኅዳር 1895 ጀርመናዊው ፊዚሲስት ሮንትገን ኤክስሬይን አገኘ። ሮንትገን ራሱ ፎቶ ማንሳት የሚወድ ሰው ነበር። በታኅሣሥ 22 የሚስቱን እጅ አጥንት ከነቀለበቱ ያስቀረው በፎቶግራፍ ሰሌዳ ላይ ነው። እሱም ፓተንት አላወጣበትም። በጥቂት ወራት ውስጥ በብዙ አገር ሐኪሞች ስብራት ያዩበት ጀመር።

ጥቁር አንበሳ ተማሪ ሳለን የደረት ፊልም ከብርሃን ሣጥኑ ላይ ሰክተን «ትራኪያው መሐል ላይ ነው ወይ? ዳያፍራሙስ?» እየተባልን ስንፋጠጥ ታስታውሳላችሁ። እዚያ ፊልም ላይ ብሩን ይዞ የቆየው ጀላቲን፣ የታመመው ሐኪም ማዶክስ በነፃ የሰጠው አሳብ ልጅ ነው። ምስሉ ብርሃን ላይ እንዳይጠፋ ያደረገው ደግሞ ኸርሸል ለታልቦት የነገረውን ምክር የተከተለ እጥበት ነው። ያልበሰለውን ሥራ አላሳይም ብሎ ማዶክስ ቢደብቀው ኖሮ እኔ ጃን ሜዳ ያነሳሁትን ሦስት ወር እንደደበቅሁት ይሆን ነበር፤ ልዩነቱ የእኔ ሲደበቅ ማንም አልተጎዳም።

አንድ አሳብ ለዘንድሮ

በዘንድሮው መገናኛችን አዳራሽ መግቢያው ላይ የተመራቂዎችና የመምህራን ፎቶ ይሰቀላል ተብሏል። እባካችሁ እንደ 1855ቱ አልበም እናድርገው። እያንዳንዱ ሰው ከፎቶው ጀርባ ሁለት ሦስት መስመር ይጻፍ፦ ሰዓቱ ስንት ነበር፣ ብርሃኑ ከየት ነው የመጣው፣ በስልክ ነው በካሜራ፣ ስንት ጊዜ ተበላሽቶ ነው የተሳካው፣ ማን ነው ያሳየኝ። ሰው ያለበት ከሆነ ፈቅዷል ወይ? ይህም ይጻፍ። ከአንድ ጥሩ ፎቶ ጋር ደግሞ አንድ የተበላሸ ይምጣ። እኔ የጥምቀቱን አመጣለሁ፤ ፊት የሌለበትን።

ለወጣት ሐኪሞቻችንም አንድ ቃል። አንጋፋዎቹ የምናውቀውን የምናሳያችሁ ቸር ስለሆንን ብቻ አይደለም፤ ለእኛም አንድ ሰው ሌሊት ላይ ጠጋ ብሎ ስላሳየን ነው። እንግዲህ ደም ሥር ሲጠፋባችሁም፣ ፎቶ ሲጠቁርባችሁም፣ ሦስት ወር አትደብቁት። አምጡት፤ አብረን እንየው። ከዚያ ደግሞ ለሚመጣው እናንተ አሳዩት።

ከፎቶው ጀርባ ለመጻፊያ የሚሆን እርሳስ እኔ ይዤ እመጣለሁ።